መኪና ውሃ አይጠጣም፤ የሞተር ማቀዝቀዣ ውሃ የሚፈስበትን ቦታ ስለ ማግኘትና ስለ መጠገን

በአዲስ አበባ አሮጌ መኪና ካላቸው ሰዎች ጋር የተነጋገረ ሁሉ «መኪናዬ ውሃ ይጠጣል» የሚለውን ቃል ሳይሰማ አይቀርም። ባለ መኪናው ይህን የሚናገረው ሰው ስለ በቅሎው ጠባይ እንደሚናገር ነው፤ ይኸውም ነገሩ የመኪናው ተፈጥሮ እንጂ ሕመም መስሎ አይታየውም። ከወንበሩ ኋላ ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ይይዛል፤ ጠዋት አንዱን ይጨምራል፤ ማታ ሁለተኛውን ይደግማል። እንዲህ እያለ ወራት ይቈያል። በመጨረሻም አንድ ቀን ዳገት ላይ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል፤ ቴስታታው ይጣመማል፤ አንድ የጎማ ቧንቧ በመለወጥ ይድን የነበረው ሞተር ተፈትቶ ቶርኖ ቤት ይገባል።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው ነገር አንድ ነው። የመኪና ሞተር ቤንዚን ወይም ናፍጣ ይበላል፤ ውሃ ግን አይጠጣም። ውሃው የሚዞርበት መንገድ ዙሪያውን የተዘጋ ስለ ሆነ፣ በጤነኛ መኪና ላይ ከወር እስከ ወር ጕልህ የሆነ ጕድለት ሊታይ አይገባም። ስለዚህ ውሃው ከጎደለ በአንድ በኩል ወጥቷል ማለት ነው። የወጣበትን በኩል ሳያውቁ ውሃ እየጨመሩ መንዳት እንደማይገባ ሁሉ፣ የወጣበትን በኩል ሳያውቁ ዕቃ መለወጥም አይገባም። ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው የሚሻል ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ የበለጠ ገንዘብ የሚፈጅ እርሱ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት በመጀመሪያ ውሃው ለምን እንደሚያስፈልግ ማወቅ ይጠቅማል። በሲሊንደሮቹ ውስጥ ተቃጥሎ ነዳጁ ከሚሰጠው ኃይል ሥራ ላይ የሚውለው በግምት አንድ ሦስተኛው ብቻ ነው። ሌላው አንድ ሦስተኛ ያህል በጭስ ማውጫው ይወጣል። የቀረው ከብረቱ ላይ ተወስዶ ወደ አየር መጣል ያለበት ሙቀት ነው። ሳይወሰድ የቀረ እንደ ሆነ ፒስተኖቹ ይሰፋሉ፤ ዘይቱ ይቀጥናል፤ ብረት ብረትን መፋቅ ይጀምራል። ይህን ሙቀት የሚሸከመው እንግዲህ ውሃው ነው። በፓምፕ ተገፍቶ በሲሊንደሮቹ ዙሪያ ያልፋል፤ ወደ ቴስታታው ይወጣል፤ በላይኛው የጎማ ቧንቧ አድርጎ ወደ ራዲያተር ይገባል፤ በቀጫጭኖቹ ቱቦዎች ሲያልፍ በነፋስ ይቀዘቅዛል፤ በታችኛው ቧንቧም ወደ ሞተሩ ይመለሳል። በመንገዱ ላይ ቴርሞስታት የሚባል በር አለ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በሩ ተዘግቶ ውሃው በሞተሩ ውስጥ ብቻ ይዞራል፤ ሙቀቱ በአብዛኞቹ መኪናዎች ከ82 እስከ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይከፈትና ወደ ራዲያተር ያሳልፈዋል። ከዚሁ መንገድ አንድ ቅርንጫፍ ተሳፋሪውን ወደሚያሞቀው ትንሽ ራዲያተር ይሄዳል።

በነገራችን ላይ «ውሃ ይጠጣል» የሚለው ቃል በአንድ ዘመን እውነት ነበር። የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ውሃውን እያፈሉ በእንፋሎት ይለቁት ስለ ነበር ነጂው በየመንገዱ ውሃ መለመን ግድ ይሆንበት ነበር። ነገሩን የለወጠው ጀርመናዊው መሐንዲስ ቪልሄልም ማይባክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ገደማ ለወጣው ባለ 35 የፈረስ ጕልበት መርሴዲስ ስምንት ሺሕ ያህል ትናንሽ ቱቦዎች የተደረደሩበትን፣ የማር እንጀራ የሚመስለውን ራዲያተር ሠራለት፤ የሚያስፈልገውም ውሃ በጣም አነሰ። ከዚያ ወዲህ ውሃው ሥራውን የሚሠራው እየተነነ ሳይሆን እየዞረ ነው።

ስለ ግፊትና ስለ አገራችን ከፍታ

ብዙ ሰው የራዲያተሩን ክዳን ውሃው እንዳይረጭ ብቻ የተደረገ አድርጎ ይቈጥረዋል። ክዳኑ ግን በውስጡ ሞላ ያለው መቈጣጠሪያ ነው። ውሃው ሲሞቅ ይሰፋል፤ መውጫ ስለሌለው በውስጡ ግፊት ይፈጠራል፤ ግፊቱ በክዳኑ ላይ ከተጻፈው ልክ ሲያልፍ ብቻ ሞላው ተነሥቶ ትርፉን በጎን ወዳለው የፕላስቲክ መያዣ ያሳልፋል። በብዙ መኪናዎች ክዳን ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቍጥር ይገኛል፤ ይህም ከውጭው አየር በላይ የተጨመረው ግፊት በባር ሲለካ ማለት ነው። ሞተሩ ሲበርድ ደግሞ በክዳኑ መካከል ያለ ሌላ ትንሽ በር ተከፍቶ የወጣውን ውሃ መልሶ ይስበዋል።

ግፊት ለምን ያስፈልጋል ቢባል፣ መልሱን የምናገኘው ከወጥ ቤት ነው። ባቄላ በድሬዳዋ ከሚበስልበት ጊዜ ይልቅ በአዲስ አበባ ለመብሰል እንደሚዘገይ፣ ክዳኑ በሚቈለፈው የእንፋሎት ድስት ግን ቶሎ እንደሚበስል የታወቀ ነው። በባሕር ጠለል ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ወደ ላይ በወጣን ቍጥር በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል በሆነችው አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው።

አሁን ይህን ቍጥር ከቴርሞስታቱ ቍጥር ጋር እናስተያየው። በሩ በ82 ወይም በ88 ዲግሪ ይከፈታል፤ ደኅና ሞተርም በተለመደ ሥራው 90ንና 95ን ይነካል። ይህ ማለት በአዲስ አበባ ግፊቱን ያጣ፣ ንጹሕ ውሃ ብቻ የተሞላ ሞተር ምንም ሌላ ሕመም ሳይኖርበት በተለመደው ሙቀቱ ብቻ ሊፈላ ይችላል ማለት ነው። ባለ 0.9 ክዳን በደንብ ሲዘጋ ግን መፍያው ወደ 114 ዲግሪ ገደማ ከፍ ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው 22 ዲግሪ የነጂው መተማመኛ ነው። እንግዲህ መርፌ የምታህል ቀዳዳ የምታጠፋው ጥቂት ውሃ ብቻ አይደለም፤ ይህን መተማመኛ ነው። በቈላ ወይም በባሕር ዳርቻ አገር ያለ ነጂ ቀላል ፍሳሽ ይዞ ሊቈይ ይችል ይሆናል፤ እኛ ግን በደጋ የምንኖር ሰዎች የሚቀርልን ርቀት በጣም አጭር ነው። በተለይ ከአባይ ድልድይ ተነሥቶ ወደ ደጀን የሚወጣ መኪናን ብናስብ፣ በሸለቆው ሙቀት ይጀምራል፤ ከ1,000 ሜትር በላይ በዝቅተኛ ማርሽ ይወጣል፤ በዝግታ ስለሚሄድ ነፋስ አያገኝም፤ በወጣ ቍጥርም የውሃው መፍያ ይወርድበታል። እንዲህ ባለው መንገድ ላይ የጭነት መኪናዎች ቆመው ሲያስነፍሱ የሚታዩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ውሃው መፍላት ከጀመረ በኋላ የሚሆነው ነገር ፈጣን ነው። እንፋሎት ሙቀትን እንደ ውሃ መሸከም ስለማይችል፣ አረፋ የያዘበት የቴስታታ ክፍል ለብቻው ይግላል፤ አብዛኛው ቴስታታ ዛሬ አሉሚኒየም ስለ ሆነም ይጣመማል። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ በነጂው ፊት ያለው የሙቀት መለኪያ በዚህ ጊዜ ሊዋሽ መቻሉ ነው። የመለኪያው ጫፍ በውሃ ውስጥ መጠመቅ አለበት፤ ውሃው ጎድሎ በአየር የተከበበ እንደ ሆነ ሞተሩ እየተቃጠለ ቀስቱ ወደ ቀዝቃዛው ወገን ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ቀስቱ ወጥቶ በድንገት ሲወርድ «በረደ» ብሎ መደሰት አይገባም፤ ወዲያው ማቆም ነው።

ከመንካት በፊት

የጋለን ራዲያተር ክዳን መክፈት ፊትንና እጅን ለማቃጠል ከሁሉ የተረጋገጠው መንገድ ነው። ምክንያቱ ከላይ የተናገርነው ነው፤ በ105 ዲግሪ ጸጥ ብሎ የተቀመጠው ውሃ ክዳኑ ተከፍቶ ግፊቱ በተለቀቀበት ቅጽበት አንድ ላይ ይፈላና እንደ ምንጭ ይወረወራል። ጸጥታው አያታልል። የላይኛውን የጎማ ቧንቧ በእጅ ጨምቆ፣ ለብ ያለና የለዘበ እስኪሆን ድረስ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ይህም ከግማሽ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። ከዚያም በኋላ ቢሆን በወፍራም ጨርቅ ይዞ፣ ፊትን መልሶ፣ እስከ መጀመሪያው እርከን ብቻ በማዞር ትንፋሹን ማስወጣት ይገባል። በጋለና ውሃው ባለቀ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መገልበጥም እንዲሁ ክፉ ነገር ነው፤ ብረቱ በአንድ ወገን ብቻ በድንገት ሲኮማተር ይሰነጠቃል።

ፍሳሹን ስለ ማግኘት

ፍለጋው የሚጀመረው ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ ነው። በፕላስቲኩ መያዣ ላይ ውሃው የደረሰበትን ቦታ በእስክሪብቶ ማስመር፣ ማታውን ደግሞ ከሞተሩ ሥር ሰፊ ካርቶን ወይም አሮጌ ጋዜጣ ማንጠፍ ምንም ገንዘብ አያስወጣም፤ ብዙ ግን ያስተምራል። በካርቶኑ ላይ የታየው ጠብታ ጥቁርና ቅባት ከሆነ ዘይት ነው። አየር ማቀዝቀዣ ባለው መኪና ከተሳፋሪው እግር በታች የሚንጠባጠበው ቀለም የሌለው ውሃ ከአየር የተሰበሰበ ጤዛ ስለ ሆነ ሊያሳስብ አይገባም። አረንጓዴ፣ ቀይ ወይም ሰማያዊ ቀለም ያለው፣ በጣት ሲያሹት የሚያሟልጭ፣ ሽታውም ጣፋጭ የሆነ እንደ ሆነ ግን ኩላንቱ ነው። በምላስ መቅመስ ፈጽሞ አይገባም፤ ምክንያቱን ኋላ እናያለን።

ስለ ብዛቱም ግምት መውሰድ ይቻላል። 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ያህል ይሆናል። በየሁለት ሴኮንዱ አንድ ጠብታ የሚጥል ቀዳዳ በሰዓት 90 ሚሊ ሊትር ያወጣል። ትናንሽ መኪናዎች የሚይዙት ከ5 እስከ 7 ሊትር ውሃ ስለ ሆነ፣ ይህ «ቀላል ጠብታ» ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ታክሲ በአንድ ቀን ከውሃው አንድ ሰባተኛ በላይ ያሳጣዋል።

ቀጥሎ ኮፈኑን ከፍቶ በመብራት መመርመር ነው። ኩላንት በጋለ ብረት ላይ ሲደርቅ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ይተዋል፤ ብዙ ጊዜ ከእርጥበቱ ይልቅ የሚመራን ይህ ቅርፊት ነው። በዚህ ጊዜ ሊዘነጋ የማይገባው ደንብ፣ ውሃ ወደ ታች ይወርዳል፣ የማራገቢያው ነፋስ ደግሞ ወደ ኋላ ይገፋዋል የሚለው ነው። ስለዚህ የሚንጠባጠብበት ቦታ የሚፈስበት ቦታ አይደለም። ከጠብታው ተነሥቶ ወደ ላይና ወደ ፊት መከተል፣ እርጥብ ከሆነው ሁሉ ከፍተኛውን ቦታ መፈለግ ያስፈልጋል።

ይህን ደንብ አለመከተል ምን እንደሚያስከትል ያየንበት አንድ ቶዮታ ኮሮላ አለ። ጠብታው ሁልጊዜ ከራዲያተሩ ግርጌ ስለሚወድቅ፣ የያዘው ጋራዥ ራዲያተሩን ለወጠ። ጠብታው አልቀረም። የተገዛው ራዲያተር ያገለገለ ስለ ነበረ «ይኸኛውም ቀዳዳ ነው» ተባለና ሁለተኛ ተለወጠ። ጠብታው አሁንም አልቀረም። ኋላ በግፊት መለኪያ ሲፈተሽ ውሃው የሚወጣው የታችኛው ቧንቧ ከሞተሩ ጋር ከሚገናኝበት ከፋሸታው ሥር ሆኖ ተገኘ። ቧንቧው ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ ዘቅዝቆ የሚወርድ ስለ ሆነ ውሃው በሆዱ ላይ እየተንሸራተተ ሄዶ ከራዲያተሩ ግርጌ ይንጠባጠብ ነበር። ሁለት ራዲያተር የተገዛው ለአንዲት የላላች ማሰሪያ ነው።

የጠቀስነው የግፊት መለኪያ በእጅ የሚነፋ ትንሽ ፓምፕና ሰዓት ያለው መሣሪያ ነው፤ በክዳኑ ቦታ ይታሰራል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በክዳኑ ላይ እስከ ተጻፈው ቍጥር ድረስ ብቻ ይነፋል፤ ከዚያ ካለፈ ደኅናውን ቧንቧ ሊያፈርስ ይችላል። ከዚያ በኋላ 10 ወይም 15 ደቂቃ መጠበቅ ነው። የሰዓቱ ቀስት ካልወረደ መንገዱ ተዘግቷል፤ ከወረደ ግን ውሃው በአንድ በኩል እየወጣ ነውና ማየትና መስማት ይቻላል። የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም፣ ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ የሚፈሰውን ቀዳዳ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ማራገቢያው ቆሞ፣ እጅ ሳይቃጠል ማሳየቱ ነው። ክዳኑም ራሱ በዚሁ መሣሪያ ይፈተሻል። ሞላው የደከመ ወይም ጎማው የተሰነጠቀ ክዳን ውሃውን ከመፍያው በፊት ስለሚለቅ «ውሃ ይጠጣል» የሚባለውን ምልክት ሁሉ ያመጣል፤ ዋጋው ግን ከሁሉ ዕቃ ያነሰ ነው። መሣሪያው ያለው ጋራዥ ፈልጎ መሄድ ከሚያስወጣው የበለጠ ያተርፋል ብለን እናምናለን። ቀለም ኩላንቱ ላይ ጨምሮ በልዩ መብራት የማየትም ዘዴ አለ፤ እርሱ የሚጠቅመው በጣም ለቀጠነ ፍሳሽ ነው።

ውሃው የሚወጣባቸው ቦታዎች

የጎማ ቧንቧዎች ጫፋቸው ላይ ይሰነጠቃሉ፤ ሲጨምቋቸው እንደ ደረቀ ቆዳ የሚንኮሻኮሹ ወይም እንደ ስፖንጅ የለሰለሱ ከሆኑ ዕድሜያቸው አልቋል። አንዳንድ ፍሳሽ ደግሞ ጠዋት በብርድ ብቻ ይታይና ሞተሩ ሲሞቅ ይጠፋል፤ ይህ የፋሸታ መላላት ምልክት ነው፤ ብረቱና ጎማው ሲሞቁ ሰፍተው ይገጥማሉ። የዛሬ ራዲያተሮች አካላቸው አሉሚኒየም፣ ግራና ቀኛቸው ወይም ላይና ታቻቸው ፕላስቲክ ነው፤ ፕላስቲኩ ከዓመታት በኋላ ይሰነጠቃል፣ ከአሉሚኒየሙ ጋር የሚገጥምበትም ጎማ ይደርቃል። የቀድሞዎቹ ከመዳብና ከነሐስ የተሠሩ ስለ ነበሩ በቆርቆሮ ብየዳ በቀላሉ ይጠገኑ ነበር።

የውሃው ፓምፕ ነገር ለብቻው መናገርን ይፈልጋል። በፓምፑ ሥር ሆን ተብሎ የተበሳ ትንሽ ቀዳዳ አለ። የዘንጉ መድፈኛ ሲያልቅ ውሃው ወደ ኩሽኔታው ገብቶ ከማበላሸቱ በፊት በዚህች ቀዳዳ ይወጣል። ቀዳዳዋ እንግዲህ ጠቋሚ ናት። «ፍሳሹን አገኘሁት» ብሎ በማጣበቂያ የሚደፍናት ሰው ምስክሩን አፍኖ ወንጀለኛውን እንደ ለቀቀ ዳኛ ነው፤ ጥቂት ቈይቶ ኩሽኔታው ይሰበራል። ከዚያ የሚያንጠባጥብ ፓምፕ መለወጥ አለበት።

ውሃ ብቻ እየተሞሉ በቈዩ ሞተሮች ላይ ደግሞ በብሎኩ ጎን ያሉት፣ ትንሽ ሳህን የሚመስሉት የብረት መድፈኛዎች ከውስጥ በዝገት ተበልተው ይበሳሉ። በመኪናው ውስጥ መስታወቱ በቅባት ጉም የሚሸፈን፣ ጣፋጭ ሽታ የሚሸት፣ ምንጣፉም የሚርስ ከሆነ የተበሳው የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ነው።

ይህ ሁሉ ተፈልጎ በውጭ አንዳች ጠብታ ካልተገኘ፣ ውሃው ወደ ውስጥ እየፈሰሰ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። በብሎኩና በቴስታታው መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ሲበላ ውሃው ወደ ሲሊንደሩ ገብቶ በነጭ እንፋሎት ይወጣል፣ ወይም ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ ቡና በወተት የመሰለ ያደርገዋል። በዘይቱ ክዳን ላይ ብቻ የታየ ጥቂት ነጭ አረፋ ግን በብርድ ወራት አጭር መንገድ ብቻ በሚሄድ መኪናም ይታያልና በእርሱ ብቻ ፍርድ መስጠት አይገባም። የተሻለው ማስረጃ የኬሚስትሪ ነው። ከሲሊንደር የሚወጣው ጭስ ከመቶ ከ12 እስከ 15 እጅ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለበት፤ በተራ አየር ውስጥ ግን ከመቶ 0.04 እጅ ብቻ ይገኛል። ብሮሞታይሞል ብሉ የሚባለውን ሰማያዊ ፈሳሽ የያዘ የመስተዋት ቱቦ በራዲያተሩ አፍ ላይ አድርገው፣ ሞተሩ እየሠራ ከውሃው በላይ ያለውን አየር በጎማ ፊኛ እየሳቡ ያሳልፉበታል። ጭስ ወደ ውሃው እየገባ ከሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ፈሳሹን አሲድ ያደርገዋልና ሰማያዊው ወደ ቢጫ ይለወጣል። ቴስታታ ይፈታ ወይስ አይፈታ የሚለው ከባድ ጥያቄ በዚህች የቀለም ለውጥ ላይ ቢወሰን ብዙ ቤተ ሰብ ከከንቱ ወጪ ይድናል።

ስለ ጥገናው

ቧንቧው የተሰነጠቀው በጫፉ ብቻ ከሆነና ርዝመቱ የሚበቃ እንደ ሆነ፣ የተበላሸውን ጫፍ በስለት ቈርጦ፣ የብረቱን አንገት ከዝገትና ከቅርፊት አጽድቶ መልሶ ማሰር ይቻላል። ፋሸታውን በካቻቢቴ እጅግ ማጥበቅ ጎማውን ይቈርጠዋል። የፕላስቲክ ራዲያተር ስንጥቅ በማጣበቂያ ሲደፈን እስከ ጋራዥ ያደርስ ይሆናል እንጂ በግፊት ሥር አይቈይም። ጓርኒሲዮን ሲለወጥ ቴስታታው ጠፍጣፋ መሆኑ ቶርኖ ቤት መለካት አለበት፤ ቡሎኖቹም በፋብሪካው ተራና ልክ መጠበቅ አለባቸው፤ ይህ በግምት የሚሠራ ሥራ አይደለም።

በመንገድ ላይ የተቸገሩ ነጂዎች በብዙ አገር የሚያውቁት ዘዴ አለ፤ የእንቍላል ነጭ ወይም የተፈጨ ቍንዶ በርበሬ በራዲያተሩ ውስጥ መጨመር። ነገሩ ተረት አይደለም። የእንቍላሉ ነጭ ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ይረጋል፤ ውሃው ወደ ቀዳዳው ይዞት ሲሄድም ይደፍነዋል። በሱቅ የሚሸጠው መድፈኛ ዱቄትም በዚሁ መንገድ ይሠራል። ነገር ግን ዱቄቱ የፍሳሹን ቀዳዳና የራዲያተሩን ቀጭን ቱቦ ለይቶ አያውቅም። ከበረሓ ለመውጣት ይሁን፤ ከተማ ለደረሰ ሰው ግን መፍትሔ ብሎ መቍጠሩን አንቀበልም። ሞተር ጋለ ብሎ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣልም እንዲሁ የተለመደ ነው፤ ፍሳሹን አይዘጋም፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ እንዲሠራ፣ ነዳጅም እንዲያባክን ብቻ ያደርጋል።

ጥገናው ሲያልቅ የሚሞላው ነገር ምን ይሁን? በአዲስ አበባ ውሃ በሞተር ውስጥ ስለማይረጋ ኩላንት አያስፈልግም የሚሉ አሉ። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ኩላንት በረዶን ከመከላከሉ ሌላ ዝገትን የሚከለክል መድኃኒት አለበት፤ እኩል በእኩል ከውሃ ጋር ሲቀላቀልም የመፍያውን ልክ 7 ወይም 8 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል፤ ይህም ከላይ በቈጠርነው ሒሳብ ለደጋ ሰው ትልቅ ነገር ነው። የሚቀላቀለውም ውሃ የተጣራ ቢሆን ይመረጣል፤ የቧንቧና የጕድጓድ ውሃ በጀበና ውስጥ የሚተወውን ዓይነት ነጭ ድንጋይ በራዲያተሩም ውስጥ ይተዋል። ቀለሙ አንድ ስለ ሆነ ብቻ ሁለት ዓይነት ኩላንት መቀላቀል አይገባም፤ ቀለሙ የአምራቹ ምርጫ እንጂ የውስጡ ምስክር አይደለም።

አሁን ያቈየነውን እንናገር። የብዙው ኩላንት ዋና ክፍል ኤቲሊን ግላይኮል የሚባል መርዝ ነው። ጣዕሙ ጣፋጭ ስለ ሆነ ውሻና ሕፃን ይወዱታል። በጕበት ውስጥ ወደ ኦክሳሊክ አሲድ ይለወጥና በኵላሊት ውስጥ እንደ መስታወት ስብርባሪ የሾለ ጠጠር ይሠራል። ላልተበረዘው ኩላንት 100 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ማለትም ሁለት የቡና ስኒ የማይሞላ፣ አንድ ትልቅ ሰው ለመግደል ሊበቃ ይችላል፤ ለሕፃን በጣም ያነሰው ይበቃል። የጠጣ ሰው መጀመሪያ እንደ ሰከረ ብቻ ስለሚሆን ቤተ ሰቡ ሊዘናጋ ይችላል፤ ምልክት ሳይጠብቁ ወዲያው ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል። ስለዚህ በልማድ ሃይላንድ በሚባለው የመጠጥ ውሃ ጠርሙስ ኩላንት ማስቀመጥ፣ በተለይም አረንጓዴውን ለስላሳ መጠጥ በሚመስል ጠርሙስ በመኪና ወንበር ላይ መተው፣ እጅግ አደገኛ ልማድ ነው። ከራዲያተሩ የወጣውንም በግቢ ውስጥ ወይም በቦይ ከማፍሰስ ይልቅ በክዳን ይዞ የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ መስጠት፣ ከዘይቱ ጋር ግን አለመደባለቅ ይሻላል።

የመጨረሻው ሥራ አየሩን ማስወጣት ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ከፍቶ፣ የማሞቂያውን ማዞሪያ ወደ ሙቅ አድርጎ፣ ቀስ እያሉ መሙላት፤ ከዚያ በሚኒሞ ማሠራት ነው። ቴርሞስታቱ ሲከፈት አረፋ ይወጣና ውሃው በድንገት ይጎድላል፤ የጎደለውን ሞልቶ፣ ውሃው ተነሥቶ ሳይፈስ ክዳኑን መዝጋት ነው። በማግስቱ ጠዋት መያዣው ላይ አዲስ መስመር ይሰመራል። በሳምንቱ ውሃው ከመስመሩ ያልወረደ እንደ ሆነ ጠርሙሶቹን ከመኪናው ማውጣት ይቻላል፤ የወረደ እንደ ሆነ ግን ካርቶኑን እንደ ገና ከሞተሩ ሥር ማንጠፍ ነው።